ቀበሪቾ በብልቃጥ ውስጥ

መርካቶ የመድኃኒት ሥር ከሚሸጡት ዘንድ ጎራ ያለ ሰው ቀበሪቾን ሳያይ አይመለስም። ወፍራም፣ ደረቅ፣ ጠቆር ያለ ሥር ነው። አራስ ቤት ይታጠኑበታል፤ ጉንፋን የጠናበት ሰው ፍም ላይ ጣል አድርጎ ጭሱን ይምገዋል። ተክሉ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። የሚፈለገው ደግሞ ሥሩ ነው። ቅጠሉ የሚሸጥ ተክል ቢቀጠፍ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የሚሸጥ ግን ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሞቷል። ድንገተኛ የሚባለው ተክልም እንዲሁ ነው። ሆዱን ድንገት ለቆረጠው ሰው ሥሩ ይታኘክና ውሃው ይዋጣል፤ ተመልሶ የሚተከል ነገር አይተርፍም።

ቀበሪቾን በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ቁራጩን በብልቃጥ ውስጥ በተቀመመ ምግብ ላይ በማሳደግ፣ የማብዛት ሙከራ በአገራችን ተደርጎ ከትንሽ ቁራጭ ብዙ ችግኝ ማውጣት እንደሚቻል ታይቷል። ኮሶም ከዚያ በፊት ተሞክሮ ተሳክቷል። ሌላው ዓለም ደግሞ ይህን መንገድ ከጀመረው ቆይቷል፤ እንግሊዞች በኦርኪድ፣ አውስትራሊያውያን በቁጥቋጦ፣ የሃዋይ ሰዎች በደሴቶቻቸው ብርቅ አበቦች ሞክረውታል። ታዲያ ብልቃጥ ውስጥ የበዛው ተክል ዱር የቀረውን ወገኑን ያተርፈዋል? የእስከ ዛሬውን ሥራ ሳየው ብልቃጥ የሚሰጠው ፋታ ነው እላለሁ። ፋታ ደግሞ ለአንዳንዱ ተክል የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ለአንዳንዱ ግን ትርፉ ወጪ ብቻ ይሆናል። አስቸጋሪው ሥራ የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ሊቅ ጎትሊብ ሃበርላንት በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የተክል ሕዋስ ተነጥሎ የሚስማማውን ምግብ ቢያገኝ ሙሉ ተክል የመሆን ዐቅም አለው ብሎ ጻፈ። እሱ ራሱ ሕዋሶቹን ለተወሰነ ጊዜ በሕይወት ማቆየት ቻለ እንጂ ሲከፋፈሉ አላየም። የጎደለው ሆርሞን ነበር። በ1957 ፎልኬ ስኩግና ካርሎስ ሚለር ኦክሲንና ሳይቶካይኒን የሚባሉትን ሆርሞኖች በማመጣጠን ያንኑ ቁራጭ ወደፈለጉት መምራት እንደሚቻል አሳዩ፤ ኦክሲኑ ሲያይል ሥር ያወጣል፣ ሳይቶካይኒኑ ሲያይል ቀንበጥ። በ1962 ያው ስኩግ ከቶሺዮ ሙራሺጌ ጋር ለትምባሆ ህብረ ህዋስ የቀመሙትን የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ አሳተሙ። ዛሬ በየትኛውም የቲሹ ካልቸር ክፍል መደርደሪያ ላይ «ኤምኤስ» እየተባለ የሚገኘው ይኸው ነው። ለትምባሆ ተብሎ የተቀመመ ምግብ ሙዝንም ድንችንም አበባንም መመገቡ ይገርማል። የዱር ተክል ግን ብዙ ጊዜ አይስማማውም፤ ለእሱ ድብልቁ እየቀነሰ፣ እየተከለሰ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እየተቀየረ ነው የሚሄደው።

ሥራው ሲጀመር ወጥ ቤት ይመስላል። ስኳር በሊትር ሠላሳ ግራም ገደማ ይገባል፤ ማዕድኑ ይጨመራል፤ ሆርሞኑ በሚሊግራም ይመዘናል፤ እንዲረጋ አጋር ይደረግበታል። የአሲድነቱ ልክ 5.8 አካባቢ ተስተካክሎ በብልቃጥ ይቀዳና አውቶክሌቭ ውስጥ በ121 ዲግሪ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀላል። ከዱር የመጣው ቀንበጥ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጥቦ አልኮል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይነከራል፤ ከዚያ በረኪና ውስጥ ይቆይና በተቀቀለ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። የተጣራ አየር ከሚነፍስበት ካቢኔ ፊት የተቀመጠችው ባለሙያ በእሳት የተለበለበ ወረንጦና ስለት ይዛ፣ አንድ እንቡጥ ያለበትን አንጓ ለይታ ትቆርጣለች፤ የብልቃጡን አፍ በነበልባሉ ታሳልፍና ቁራጩን አጋሩ ላይ ታቆመዋለች። ክዳን፣ ቀን፣ የተክሉ ስም። ቀጣዩ። በረኪናው ካነሰ ሻጋታው ይተርፋል፤ ከበዛ ተክሉ ይሞታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ብልቃጡ ውስጥ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ከታየ ያ ቁራጭ አበቃለት።

ከግሪንሃውስ የመጣ ድንች ወይም ሙዝ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል። ዱር ያደገ፣ ዝናብ የመታው፣ አቧራ የጠጣው ዛፍ ግን ቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በውስጡም ፈንገስና ባክቴሪያ ተሸክሞ ይመጣል፤ በረኪና ደግሞ ውስጥ ድረስ አይደርስም። በዚያ ላይ እንጨትነት ያላቸው ተክሎች ስለት ሲነካቸው ቡናማ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ ፈሳሹ ምግቡን ያጠቁረውና ቁራጩን መልሶ ይመርዘዋል። ለዚህ ቁራጩን ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ብልቃጥ ማዛወር፣ ምግቡ ላይ የከሰል ዱቄት ወይም ቫይታሚን ሲ መጨመር ይረዳል። ዕድሜም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ከለጋ ችግኝ የተወሰደ ቁራጭ ይታዘዛል፤ መቶ ዓመት ከሞላው ዛፍ ጫፍ የተወሰደው ያኮርፋል። ሊጠፋ ከተቃረበ ተክል ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚገኘው ያ ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከታለፈ በኋላ ያለው ስሌት ያጓጓል። አንድ ቀንበጥ በየወሩ ሦስት ቢያወጣ፣ እነዚያም በተራቸው ሦስት ሦስት ቢያወጡ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወረቀት ላይ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ተክል ይሆናል። የሙዝና የአበባ ነጋዴዎች የከበሩት በዚህ ስሌት ነው። የዱር ተክልን ለማትረፍ የተነሳ ሰው ግን ሊጠራጠረው ይገባል፤ አምስት መቶ ሺሁም ያው አንድ ተክል ነውና።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ከብልቃጥ በፊት የመጣ ታሪክ ነው። በ1895 ጆን ሜድሊ ዉድ በደቡብ አፍሪካ ንጎዬ ጫካ ውስጥ ግርማ ሞገስ ያለው ሳይካድ አገኘ፤ ኢንሴፋላርቶስ ዉዲ ተባለ። ሳይካድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል የጥንት ተክል ነው። የተገኘው ወንድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴት ፍለጋ ጫካው ቢታሰስም አልተገኘችም። ከሥሩ የሚያወጣቸው ቅጥያዎች እየተነቀሉ ዛሬ በብዙ የዓለም የዕፅዋት ማዕከሎች ይገኛል፤ ሁሉም ግን የዚያ የአንዱ ወንድ አካል ናቸው። ቁጥሩ በዝቷል፤ ዘር የለውም። ቲሹ ካልቸር ከእሱ ሚሊዮን ብልቃጥ ቢሞላ ለውጥ አያመጣም።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው የምዕራብ አውስትራሊያው ቁጥቋጦ ሲሞናንተስ ባንክሮፍቲ ነው። ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠበት በኋላ በ1997 አንድ ተክል ተገኘ፤ ወንድ ነበር። በ1998 ሌላ ተገኘ፤ ሴት ነበረች። ሁለቱ በየፊናቸው በነበሩበት ቢተዉ ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባበቃ ነበር። የፐርዙ የኪንግስ ፓርክ ባለሙያዎች ሁለቱንም በቲሹ ካልቸር አባዝተው ወንዱን ከሴቷ አገናኙ፤ ፍሬም ተገኘ፤ ችግኞቹም ወደ ሜዳ ተመለሱ። በሁለት ወላጅ ላይ የቆመ ዘር ጠባብ መሠረት እንዳለው የታወቀ ነው፤ ያም ሆኖ ፍሬ ያፈራ ተክልና ፈጽሞ የማያፈራ ተክል አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ ብልቃጡ የሠራው ማዋለድን ሳይሆን ማገናኘትን ነው። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝም ይኸው ነው።

ሌላ መንገድም አለ፤ ከቁራጭ ሳይሆን ከዘር የሚነሳ። ኦርኪድ ዘሩ እንደ ብናኝ የደቀቀ ነው፤ በውስጡ ስንቅ የለም። ዱር ውስጥ ሲወድቅ የሚስማማው ፈንገስ ካላገኘው አይበቅልም። በ1922 አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ያለው ምግብ ላይ ቢዘራ ፈንገሱ ባይኖርም እንደሚበቅል አሳየ፤ የዛሬው የኦርኪድ ንግድ መነሻው ከዚያ ነው። እንግሊዞች «የእመቤት ጫማ» የሚሉት ቢጫ ከረጢት ያለው ኦርኪድ፣ በሳይንስ ስሙ ሲፕሪፔዲየም ካልሲዮለስ፣ በሰብሳቢዎችና በአትክልተኞች ተለቅሞ በ1917 ከአገሪቱ እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። በ1930 ዮርክሸር ውስጥ አንድ ተክል ተገኘ። ቦታው በሚስጥር ተይዞ ለብዙ ዓመታት በጠባቂ ሲጠበቅ ኖረ። የኪው የዕፅዋት ማዕከል በ1983 በጀመረው የኦርኪድ ፕሮጀክት አበቦቹ በእጅ እየተዳቀሉ ዘራቸው በብልቃጥ ምግብ ላይ ተዘራ። ወደ ሜዳ ከተመለሱት ችግኞች የመጀመሪያው ያበበው በ2000 ነው። ከ1983 እስከ 2000 ያለውን ጊዜ ልብ ይሏል። በእኛ አገር ያለ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት እንዲህ ያለ ተክል ላይ ቢጀመር፣ የመጨረሻው ሪፖርት የሚጻፈው ተክሉ ገና ቅጠል ሲያበጅ ነው።

ቁራጭን ማባዛትና ዘርን በብልቃጥ ማብቀል ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይምታታሉ። ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው አይለያዩም፤ ሁለቱም ብልቃጥ፣ አጋርና አረንጓዴ ነገር ናቸው። ነገር ግን ከዘር የበቀለ እያንዳንዱ ችግኝ የራሱ ድብልቅ አለው፤ አንዱን በሽታ ቢጥለው ሌላው ሊቋቋም ይችላል። ከቁራጭ የመጣው ግን አንዱ የወደቀበት ሁሉም የሚወድቁበት ነው። ስለዚህ ዘር ያለው ተክል፣ ዘሩም ብልቃጥ ውስጥ የሚበቅል ከሆነ፣ ወደ ቁራጭ መሄድ የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት። ከቁራጭ የግድ ከሆነም ከአንድ ዛፍ ሺህ ከማውጣት ከሃምሳ ዛፍ ሃያ ሃያ ማውጣት ይሻላል። ይህ ለባለሙያዎቹ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ዛፍ የየራሱን ቅመም ስለሚፈልግ ግን ሥራው ሃምሳ እጥፍ ይሆንና ይተዋል።

ሃዋይ ላይ ግን ለመምረጥ ጊዜ የለም። ሆኖሉሉ አጠገብ ማኖዋ ሸለቆ ያለው የላየን አርቦሬተም ቤተ ሙከራ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሌላ ቦታ የማይገኙ የደሴቶቹን ዕፅዋት በብልቃጥ ይይዛል። አንዳንዶቹ ዱር ውስጥ የቀሯቸው ግለሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳያኒያ ፒናቲፊዳ የሚባለው ተክል የመጨረሻው የዱር አባሉ በ2001 ሞተ፤ ዛሬ ያለው በቲሹ ካልቸር ስለተያዘ ነው። እዚያ ተራራው ላይ የዱር አሳማ፣ ፍየል፣ አይጥና መጤ አረም ስላለ ችግኙን ማውጣት ለእንስሳቱ ቀለብ ማቅረብ ይሆናል። አጥሩ እስኪታጠር፣ አረሙ እስኪነቀል ብልቃጡ አደራ ይጠብቃል። ቲሹ ካልቸር ያለ ጥርጥር የሚያስፈልግበት ቦታ ይህ ነው።

ለምን ዘሩን ቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጠው አይገላገሉም የሚል ሰው ይኖራል። ዘር ባንክ ርካሽ፣ ሰፊና አስተማማኝ ነው፤ የአንድ ተክል ሺህ ዘር አንድ ከረጢት ይይዘዋል። ችግሩ ሁሉም ዘር ድርቀትንና ብርድን አይችልም። በ2018 «ኔቸር ፕላንትስ» ላይ የወጣ ጥናት እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት የዕፅዋት ዝርያዎች 36 በመቶ ያህሉ ዘራቸው በተለመደው መንገድ ባንክ የማይገባ እንደሆነ ገምቷል። ለእነዚህ የቀረው መንገድ ወይ በማሳ ተክሎ መጠበቅ፣ ወይ በብልቃጥ ማቆየት፣ ወይ ጫፋቸውን በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ነው። የመጨረሻው እንዲሠራ ያደረገው ጃፓናዊው አኪራ ሳካይና ባልደረቦቹ በ1990 ያወጡት ድብልቅ ነው፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሳይሆን እንደ ብርጭቆ እንዲጠጥር ያደርገዋል። በረዶ ቢሆን ስለቱ ሕዋሱን ይቀደው ነበር። የቀዘቀዘ ጫፍ ሲነቃ ግን መልሶ የሚበቅለው በቲሹ ካልቸር ስለሆነ፣ ቅመሙ አስቀድሞ ያልታወቀ ተክል ቢቀዘቅዝም አይጠቅም።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የቡና ዘር ከእነዚህ አስቸጋሪዎች አንዱ ነው፤ እንደ ስንዴና እንደ ጤፍ ደርቆ በብርድ ለዘመናት አይቀመጥም። ለዚህም ነው የኢትዮጵያ የቡና ስብስብ በከረጢት ሳይሆን ጅማ አቅራቢያ ጮጬ ላይ በማሳ ቆሞ የሚጠበቀው። በ2019 የወጣ ጥናት ከ124ቱ የዓለም የቡና ዝርያዎች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳለባቸው ሲገልጽ፣ የዱር አረቢካችንም በአደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል። ማሳ ደግሞ ይታመማል፣ ይቃጠላል፣ ይታረሳል። ከዚህ ስብስብ ዋና ዋናዎቹን በፈሳሽ ናይትሮጂን መደገፍ አገሪቱ ከምታወጣው ገንዘብ ሁሉ የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

የቡና ነገር ከተነሳ ስለ አንድ ዘመዱ ላንሳ። በሕንድ ውቅያኖስ ሮድሪገስ ደሴት ላይ ጠፍቷል የተባለ፣ ከቡና ቤተሰብ የሆነ ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ በ1980 አንድ ተማሪ አገኘው። አንድ ብቻ ነበር። በ1986 ቅርንጫፉ ኪው ደርሶ ተተክሎ ያዘ፤ አበበም። ዘር ግን ዓመታት አለፉ እንጂ አልሰጠም። ዘሩ የተገኘው በ2003 ነው፤ ያስገኘውም ካርሎስ ማግዳሌና የተባለ አትክልተኛ አበባውን እየቆረጠ፣ ሙቀቱን እየቀያየረ፣ ደጋግሞ ሲያዳቅል ነው። ምስጢሩን የፈታው ብልቃጥ አልነበረም፤ ተክሉን ቀን ከቀን የሚያይ ሰው ነበር። ብዙ መሣሪያ ባለበት ቤተ ሙከራ ይህ ይረሳል።

ወደ ብልቃጡ እንመለስና ክዳኑ የሚከፈትበትን ቀን እንይ። ብዙ ሥራ የሚቀረው እዚያ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ያደገ ቅጠል እርጥበት ሙሉ በሆነበት፣ ስኳር ተዘጋጅቶ በሚቀርብበት ቤት የኖረ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው የሰም ሽፋኑ ስስ ነው፤ ትንንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹም መዝጋት አልለመዱም። ደረቅ አየር ሲያገኘው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ስለዚህ አጋሩ ከሥሩ በጥንቃቄ ታጥቦ፣ ችግኙ በአፈርና በአሸዋ ድብልቅ ተተክሎ ላስቲክ ይከደንበታል። ላስቲኩ በመጀመሪያው ሳምንት አይነካም፤ ከዚያ ጠርዙ ይነሳል፣ ቆይቶ ይበሳሳል፣ በመጨረሻ ይነሳል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። ሥሩም ቢሆን አጋር ውስጥ የወጣው ብዙ ጊዜ ፀጉር የለውም፤ አዲስ ሥር ማውጣት አለበት። የሚረዱት ፈንገሶችም አብረውት የሉም፤ ከእናት ዛፉ ሥር የመጣ አንድ ጭብጥ አፈር አንዳንዴ ከማዳበሪያ የሚበልጠው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ቁራጩ ለረጅም ጊዜ በሆርሞን ሲመላለስ ባሕርይው ሊለወጥ ይችላል፤ ላርኪንና ስኮውክሮፍት በ1981 ሶማክሎናል ቬሪዬሽን ብለው የሰየሙት ነው። ለአበባ ነጋዴ አዲስ ዓይነት ሊያስገኝለት ይችላል። ለጥበቃ ሲሆን ግን ጉድለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ኢትዮጵያ ስድስት ሺህ ገደማ ባለ ሥርና ግንድ የዕፅዋት ዝርያ አላት፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር የለውም። ዘር የማሰባሰቡ ሥራ በጀርመን ድጋፍ በ1976 ከተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ጀምሮ የቆየ ነው። የቲሹ ካልቸር ዕውቀቱም አለ፤ በሆለታ፣ በጅማ፣ በመልካሳ፣ በመቀሌ ሙዝ፣ አናናስ፣ ድንችና ሸንኮራ አገዳ ተባዝቷል። የዱር ተክል ግን ገዥ የለውም። ስለዚህ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጅ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ።

ከእነዚህ ጥናቶች ጠንካራው የኮሶው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጥላዬ ፈይሳ ከማርጋሬታ ዌላንደርና በአገር በቀል ዛፎች ማባዛት ዕድሜውን ካሳለፈው ለገሰ ነጋሽ ጋር በ2005 የኮሶን የማባዛት ዘዴ አሳትሟል። ኮሶ ለዚህ ሥራ የሚገባ ተክል ነው። ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀይ ዘለላ ነው፤ ከዘር የበቀለ ችግኝ ደግሞ አብቦ እስኪታይ ጾታው አይታወቅም። በዚያ ላይ እንጨቱ ስለሚፈለግ ከደጋው እየተመናመነ፣ በብዙ ቦታ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። የደብር ደኖች ተበታትነው መኖራቸው አንድ ጥቅም አለው፤ የጎንደሩ ኮሶና የባሌው ኮሶ አንድ አይደሉምና ከየደብሩ ጥቂት ጥቂት እያሉ መሰብሰብ ይቻላል። ለዚህ ካህናቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ከዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይልቅ የደብሩ አስተዳዳሪ ቃል የሚሰማበት ቦታ ነው።

እነዚህን ጥናቶች የሚያነብ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። የትኛው ሆርሞን፣ በስንት ሚሊግራም፣ ስንት ቀንበጥ እንዳወጣ በሠንጠረዥ ተዘርዝሮ ይቀርባል። የመጨረሻው መስመር ግሪንሃውስ ውስጥ የተረፈው ችግኝ በመቶኛ ነው። ከዚያ ዝም። ችግኞቹ የት ተተከሉ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሟል፣ ማን አጠጣቸው የሚለውን የሚጽፍ እምብዛም የለም። ተማሪውን አልወቅስም፤ እሱ መመረቅ አለበት። በጀቱም መብራቱም የሚፈቅድለት እስከዚያ ነው። የብልቃጥ ክፍል ሃያ አምስት ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ብርሃን ይፈልጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር ካልተነሳ የወራት ድካም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሊበላሽ ይችላል። ወቀሳዬ ቀጣዩን ደረጃ የማንም ሥራ ባላደረገው አሠራር ላይ ነው። እንጦጦ ግርጌ ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሰባት መቶ ሄክታር ያህል ይዞታ አለው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ከብልቃጥ የወጣ የደጋ ተክል ሁሉ ቢያንስ እዚያ ተተክሎ ቢመዘገብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።

ብልቃጥ የማያስፈልገው ተክልም አለ፤ ይህን መናገር ለባለ ቤተ ሙከራ ከባድ ነው። በመተማና በሁመራ በኩል ያለው የዕጣን ዛፍ ዋነኛ ምሳሌዬ ነው። በ2019 የታተመ የፍራንስ ቦንገርስና የባልደረቦቹ ጥናት ከተመለከታቸው የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ የሆኑት ወጣት ዛፍ እንደሌላቸውና ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አሳይቷል። ምክንያቱ ግን የመራባት ዐቅም ማጣት አይደለም። ኤርትራ ውስጥ ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት ካልቆሰሉ ዛፎች የተሰበሰበ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ያለ ዕረፍት ዕጣናቸው ከሚለቀምላቸው የተሰበሰበው 16 በመቶ እንኳ እንዳልደረሰ ገልጿል። የበቀለውንም ችግኝ ከብትና ፍየል ይበሉታል፣ እሳት ያቃጥለዋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ዛፉን ማሳረፍ፣ ደኑን መከለል፣ እሳቱን መቆጣጠር ነው። በጠርሙስ የበቀለ የዕጣን ችግኝ ወደዚያው ሜዳ ቢወጣ የሚጠብቀው ያው ፍየል ነው።

ቀበሪቾና ድንገተኛ ብልቃጥ የግድ ከሚያስፈልጋቸውና ከማያስፈልጋቸው ተክሎች መካከል ላይ ናቸው። እነሱን የሚያጠፋው ገበያ ነው፤ ስለዚህ ገበያውን ከዱር ወደ ማሳ ማዞር ከተቻለ ችግኝ በብዛት ማቅረብ ትርጉም አለው። ቻይናዎች ዴንድሮቢየም ኦፊሲናሌ የሚባለውን የመድኃኒት ኦርኪድ እንዲህ አድርገዋል፤ ዱር ውስጥ ተለቅሞ ሊያልቅ የነበረው ተክል ዘሩ በብልቃጥ እየበቀለ ዛሬ በግሪንሃውስ በሰፊው ይመረታል። ይህም ሆኖ የዱሩ ይበልጣል የሚል ገዥ ስላለ ለዱሩ ከፍ ያለ ዋጋ ይከፈላል፤ የዱሩም ዕረፍት አላገኘም። የኛም ገዥ እንዲሁ ነው፤ የጓሮ ጦስኝና የተራራ ጦስኝ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ከዚህም በላይ ገበሬው የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ አለ፦ ሥሩ ለሽያጭ እስኪደርስ ስንት ዓመት መሬቴን ይይዝብኛል? ለዚያ መልስ ያልያዘ ችግኝ በነጻ ቢሰጠውም ከድንበር ዳር አያልፍም። መልሱ ደግሞ ብልቃጥ ውስጥ የለም፤ ሸዋ ወይም ጎጃም ውስጥ በሁለትና በሦስት ማሳ ላይ ተተክሎ መለካት አለበት።

እንዲያ ያለው የማሳ ሙከራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለየሄብ ነው። የሄብ በኦጋዴንና በአጎራባቹ ሶማሊያ የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ለውዝ የሚመስል፣ ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ የሚበላ ሲሆን፣ ግመልና ፍየል ቅጠሉን ይመገባሉ። ዘሩ ከዛፉ ከወረደ በወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ባንክ ማስቀመጡ ያስቸግራል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ፍሬው ሁሉ ይበላል እንጂ የሚዘራ አይተርፍም። ወረቀት ላይ ለቲሹ ካልቸር የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን የሄብ በዚያ አሸዋ ላይ የሚኖረው ወደታች በሚወርድ ረጅም ዋና ሥሩ ነው፤ ከቁራጭ የተባዛ ችግኝ ደግሞ ከጎን የሚወጡ ሥሮች እንጂ ያን ዋና ሥር ይዞ አይነሳም። ከቁራጭ የበቀለው የሄብ ሥሩን እርጥበት ድረስ ማውረድ ይችል እንደሆነ፣ ወይስ እዚህም እንደ ኦርኪዱ ትኩስ ዘርን ብልቃጥ ውስጥ ማብቀል ይሻል እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱን ጎን ለጎን ሶማሌ ክልል ውስጥ በታጠረ መሬት ላይ ተክሎ፣ ቢያንስ አንድ ድርቅ እስኪያልፍ ጠብቆ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው አጥር፣ ውሃ፣ ቋሚ ጠባቂና ከአርብቶ አደሩ ጋር የተደረሰ ስምምነት ነው፤ ቤተ ሙከራው አዲስ አበባ ቢሆንም ችግር የለውም።